የፊት አክስሉን ላስበይደው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከባሕር ዳር ፎገራ የምመላለስበት 75 ላንድክሩዘር አለኝ። የፊት ጎማዎቹ ከውስጥ ወገን ብቻ ይበላሉ። ፓራኦሊዮ (የዘይት ማገጃ ጎማውን) ብቀይርም ዘይት ያፈሳል። አክስሉ ላይ ላሜራ ላስበይድበት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቆይ አትቸኩል። መጀመሪያ አላይመንቱን (የጎማዎቹን አቅጣጫ) እና የኪንግፒን ኩሽኔታዎቹን፣ ማለትም መሪ ስትጠመዝዝ ጎማው የሚዞርባቸውን፣ አስፈትሽ። እነሱ ደህና ከሆኑ የአክስሉ ቱቦ፣ ማለትም ዘንጎቹን ውስጡ የያዘው ብረት፣ ጎብጦ ሊሆን ይችላል። የጎማው ማዘንበል በዚህ መኪና በብሎን አይስተካከልም፤ ቱቦው ራሱ መቃናት አለበት። ሳይቃና ላሜራ ብትደርብበት ጉብጠቱን አጸናኸው።

ከተቃና በኋላ ከላይ ላሜራ ይደረብ፣ ጫፎቹ ላይ ደግሞ ባለሦስት ማዕዘን ድጋፍ። መኪናው ሲዘል የሞተሩን የዘይት ቋት እንዳይመታ አስቀድሞ ይለካ።

ጣጣው ብየዳው ላይ ነው። አንዴ በረጅሙ ከሳቡት ሙቀቱ ቱቦውን መልሶ ያጣምመዋል። ትንሽ ትንሽ፣ ግራና ቀኝ እየተፈራረቀ፣ በራሱ እየቀዘቀዘ ይበየድ። ውሃ እንዳይደፉበት! (ቸኳይ በያጅ ይቺን ይወዳል።) ዘንጎቹና ፓራኦሊዮው ቀድመው ይውጡ፤ ባትሪውም ይፈታ።

ላሜራ ግን የውስጡን ዘንግ አያጠነክርም። የፎገራ ዋልካ ውስጥ ፊት ጎማ አስገብተህ፣ መሪውን ጥግ ድረስ ጠምዝዘህ ነዳጅ ከረገጥክ፣ ጎማው ጋ ያለው መታጠፊያ መገጣጠሚያ ይሰበራል። ትልልቅ ጎማ ካሰርክማ ይብሳል። መሪውን አቅናና ቀስ ብለህ ውጣ።