ቀሽም ፊልም አቋርጦ መውጣትን በተመለከተ ለጠየቁት ወንድም

«ፊልሙ ቀሽም መሆኑ ከገባኝ በኋላ ወጥቼ ልሂድ ወይስ ገንዘቤን ከፍያለሁና እስከ መጨረሻው ልታገሥ?» ብለው ለጠየቁት ወንድሜ፣ ነውር ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ጊዜዎን አላጠፋም፤ ነውር አይደለም። እርስዎም እንደ እኔ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከባለቤትዎ ጋር የሚገቡ ስለሚመስለኝ በቀጥታ ወደ ዘዴው ልግባ።

1. ከመተላለፊያው ጥግ ይቀመጡ። መሐል ረድፍ የተቀመጠ ሰው የስንቱን ጉልበት እየገፋ እንደሚወጣ ሲያስበው እዚያው ተቀምጦ ይቀራል።

2. ግማሽ ሰዓት ይስጡት። እስከዚያ ድረስ ዋናው ገጸ ባሕርይ ምን እንደሚፈልግ ካልታወቀ፣ ሰዎቹም ቪላ ቤት ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው በስልክ ብቻ የሚያወሩ ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ አይሻሻልም። ይህ መለኪያዬ እስካሁን አላሳፈረኝም።

3. ገንዘቡን ይርሱት። ሃል አርክስና ካትሪን ብሉመር እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት፣ የኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ቴአትር የዓመት ትኬት ለአንዳንዶች በ15 ዶላር ሙሉ ዋጋ፣ ለሌሎች በቅናሽ እንዲሸጥ አድርገው ነበር፤ በትርኢት ዘመኑ የመጀመሪያ አጋማሽ ብዙ ትርኢት የተመለከቱት ሙሉ ዋጋ የከፈሉት ሆኑ። ቴአትሩ ለሁሉም ያው ነበር፤ ያመላለሳቸው የከፈሉት ገንዘብ ነው።

4. ብቻዎን አይውጡ፤ ገንዘቤን መልሱልኝ ለማለት ከሆነ ደግሞ ፈጽሞ አይሞክሩት። ይህን የምለው ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የአዲስ አበባ ሲኒማ ቤት የደረሰብኝን ስለማልረሳው ነው። ፊልሙ ቀሽም መሆኑ ሳያንስ ድምፁ ከምስሉ ይቀድም ስለነበር፣ እናትየው አፏን ሳትከፍት ለቅሶዋ ይሰማ ነበር። ባትሪ ይዞ ለሚዞረው አስተናባሪ ብነግረው «ትንሽ ቆይቶ ይስተካከላል» አለኝ። ባለቤቴን «መጣሁ» ብያት ወደ ትኬት መቁረጫው መስኮት ወረድኩ። ብር የምትቆጥረው ልጅ ቀና እንኳ ሳትል «አይተውታል እኮ!» አለችኝ። «ካየሁትማ ለምን እወጣለሁ?» ብላት መስኮቱን ዘጋችብኝ። ልመለስ ስል ጥበቃው «አንዴ ከወጡ መግባት የለም» ብሎ በሩ ላይ ቆመ፤ የተቀደደውን ትኬቴን ባሳየውም አልሰማኝም። ባለቤቴ ሥርዓት አክብራ ስልኳን አጥፍታለች። ስለዚህ ያን ፊልም ከሚያዩት ሰዎች እኩል፣ ያውም በእግሬ ቆሜ፣ እስኪያልቅ ጠበቅኩት። እሷም ስትወጣ የጠየቀችኝ ፈንዲሻ ልገዛ ሄጄ እንደሆነ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ምልክት አለን፤ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መልሳ ካጣፋች ዕቃችንን ይዘን አብረን እንነሣለን፤ ብዙውን ጊዜም ቀድማ የምታጣፋው እሷ ናት። ቤት ውስጥ በዩቲዩብ ለሚያዩትማ ምክር አያሻዎትም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ አዳራሹ የጎን መውጫ ካለው በዚያ ይውጡ፤ ጥበቃው የሚቆመው ዋናው በር ላይ ነው።