ጉበታችሁ ላይ ስብ አለ ለተባላችሁ፦ ስለ ኢንተርቫል ስፖርት (አንዴ በኃይል አንዴ ቀስ እያሉ ስለሚሠራው) ጠይቁኝ

ጥያቄ፦ አልትራሳውንድ ተነስቼ ፋቲ ሊቨር አለብህ ተባልኩ። መድኃኒት አልታዘዘልኝም። ስፖርት ያጠፋዋል?

መልስ፦ ይቀንሰዋል ወንድሜ፣ በደንብ። የእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ጥናት አለ። ጉበታቸው ላይ ስብ ያለባቸው ሰዎች ለ12 ሳምንት፣ በሳምንት 3 ቀን፣ ብስክሌት ላይ አንዴ በኃይል አንዴ ቀስ እያሉ ፔዳል መቱ፤ የጉበታቸው ስብ በአማካይ ከ11 ወደ 8 ከመቶ ወረደ። ፋቲ ሊቨር የሚባለው ከ5 ከመቶ ሲያልፍ ስለሆነ ሁሉም ነጻ ወጡ ማለት አይደለም። ግን በ3 ወር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ጂም የመግባት አቅም የለኝም።

መልስ፦ አያስፈልግሽም። ጠዋት ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃውን የሚወጡትን አይተሻል? ሰፈርሽ ያለ ዳገትም ይበቃል። መጀመሪያ 10 ደቂቃ በእርጋታ ተራመጂ። ከዚያ 1 ደቂቃ ማውራት እስኪያቅትሽ ፈጥነሽ ውጪ፣ 2 ደቂቃ ቀስ ብለሽ ውረጂ፤ 5 ወይም 6 ጊዜ ደጋግሚው። የኖርዌዮቹን፣ ማለትም 4 ደቂቃ በኃይል እየሠሩ 4 ጊዜ የሚደግሙትን፣ ለጊዜው ተዪው፣ ለጀማሪ ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ 2 ወር ሠርቼ 1 ኪሎ እንኳ አልቀነስኩም። ልተወው?

መልስ፦ በፍጹም! ሚዛኑ ሳይነቃነቅ የጉበት ስብ ሊቀንስ ይችላል። ጉበቱ ከተቆጣ ግን ከክብደትህ ከ7 እስከ 10 ከመቶ መቀነሱ የበለጠ ስለሚረዳ ለስላሳውንና ጣፋጩን አቁም።

ጥያቄ፦ ዲሲ ታክሲ እነዳለሁ፣ ስኳር አለብኝ። በኃይል ሮጬ ስለካ ስኳሬ ጨምሮ አገኘሁት፣ ደነገጥኩ።

መልስ፦ አይዞህ፣ የተለመደ ነው። በኃይል ስትሮጥ አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይለቀቃል፣ ጉበትም ያጠራቀመውን ስኳር ወደ ደም ይረጨዋል። ብዙውን ጊዜ ቆይቶ ይወርዳል። የሠራ ጡንቻ ያለ ኢንሱሊን እገዛም ስኳር ስለሚስብ ጥቅሙ አንዳንዴ እስከ 2 ቀን ይዘልቃል፤ ለዚህ ነው 2 ቀን በተከታታይ አትዝለል የሚባለው። እውነቱን ልንገርህ፣ የ3 ወሩ የስኳር አማካይ የሚወርደው በትንሹ ነው። ትልቁን ለውጥ የምታየው ጉበትህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ 62 ዓመቱ ነው፣ ግሊበንክላማይድ የሚባለውን የስኳር መድኃኒት ይወስዳል። ይጀምር?

መልስ፦ እባክሽ መጀመሪያ ሐኪሙ ልቡንና ዓይኑን ይይለት። ዓይኑ ውስጥ ደም የሚያፈስ ደካማ የደም ሥር ካለ ከባድ ስፖርት አይፈቀድም። ግሊበንክላማይድ ደግሞ እንደ ሌላው የስኳር መድኃኒት እንደ ሜትፎርሚን አይደለም፣ ስኳርን ከሚገባው በታች ሊያወርድ ይችላል። ከመጀመሩ በፊት ይለካ፤ ከ90 በታች ከሆነ ትንሽ ነገር ይቅመስ። ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ግራ ከተጋባ ወዲያው ያቁም፣ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ ስጪው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኪው። ጾም ላይ ከሆነም ሳይበላ አይሞክረው፣ ካፈጠረ በኋላ ያድርገው።