መኪናው ከላይ፣ ባቡሩ ከታች፤ እግረኛውስ?

ጥያቄ፦ የከተማ አውቶቡስ አሽከርካሪ ነኝ። በየቀኑ የምመላለስበት መንገድ ሁለት ሐዲድ ያለው የባቡር መስመር ያቋርጣል። ማገጃው አንዴ ከወረደ ቶሎ አይነሳም። ተሳፋሪው ይጮህብኛል፣ ሞተረኛው በጎን ተሽሎክሉኮ ያልፋል። አሁን ድልድይ ይሠራል እየተባለ ነው። ያን ሁሉ ገንዘብ ከማውጣት ጠንከር ያለ ማገጃ፣ ደወልና ካሜራ ቢተከል አይበቃም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይበቃም። ዕድሜዬን በመንገድና በድልድይ ንድፍ ስለጨረስኩ «ለሙያው ያደላል» ብትለኝ አልቀየምህም። ግን ሒሳቡን አብረን እናስላ። አንድ ባቡር እስኪያልፍ ማገጃው 2 ደቂቃ ይዘጋል እንበል። በሥራ መግቢያ ሰዓት ከሁለቱም አቅጣጫ 15 ባቡር ቢያልፍ መንገድህ ከሰዓቱ ግማሹን ዝግ ነው። ጃፓኖች በመጨናነቂያው ሰዓት ከ60 ደቂቃ ውስጥ 40ውንና ከዚያ በላይ የሚዘጋውን ማቋረጫ ለብቻው መድበው ይከታተሉታል። ጠንካራ ማገጃ ይህን ጥበቃ በአንዲት ሴኮንድ እንኳ አያሳጥረውም። ካሜራውም ቢሆን ሞተረኛውን የሚቀርጸው ከገባ በኋላ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሰጋኝ ሁለተኛው ባቡር ነው። አንደኛው አለፈ፣ ማገጃው ግን አልተነሳም። ቆሞ የሚጠብቀው ሰው «ይኼ ነገር ተበላሽቷል» ብሎ ይገባል። በሌላኛው ሐዲድ የሚመጣውን ደግሞ ያለፈው ባቡር የኋላ ፉርጎዎች ጋርደውበታል። ነጂው ቢያየውስ ምን ያደርጋል? በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድ የጭነት ባቡር ፍሬን ተይዞ እስኪቆም ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ሊሄድ ይችላል። ክብደቱ ብዙ ነው፣ የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ የሚያገኘው መያዣ ደግሞ ጥቂት ነው። ጠምዝዞ እንዳያመልጥ መሪ የለውም።

ድልድይ የት ይገባል ለሚለው ሕንዶች ቀላል ዘዴ አላቸው፦ በቀን የሚያልፈውን ባቡር በተሽከርካሪው ቁጥር ያባዛሉ። 100,000 ለረጅም ጊዜ ማቋረጫው ለድልድይ የሚታጭበት መነሻ ሆኖ ሠርቷል። 50 ባቡርና 2,000 ተሽከርካሪ ማለት ነው። አንተ የነገርከኝ መንገድ ከዚህ ቢያንስ ይገርመኛል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ፤ ማን ይውጣ፣ ማን ይውረድ? መስመሩ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ መኪናው ከሽቦው በላይ ማለፍ አለበት። የድልድዩ ውፍረት ሲታከል አስፋልቱ ከሐዲዱ 8 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር በሚወጣ ዳገት ብቻ 160 ሜትር ይፈጃል፤ የታችና የላይ መታጠፊያው ተጨምሮ በእያንዳንዱ ወገን ከ200 ሜትር ይበልጣል። በዚያ መሐል ያለ መገንጠያና የግቢ በር ሁሉ መግቢያው ይበላሻል። መኪናው በሥር ቢሄድ መወጣጫው ያጥራል፣ ለጭነት መኪና 5 ሜትር ያህል ክፍተት ይበቃልና። ነገር ግን ውሃው ሁሉ እዚያ ይወርዳል። ፓምፑ ደግሞ ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ መብራት ይጠፋበታል፣ በትክክል በሚፈለግበት ሰዓት። ተጠባባቂ ጄኔሬተር ያልታሰበበትን ንድፍ እኔ አልፈርምበትም።

ሦስተኛው መንገድ ሐዲዱን ራሱን ማንሳት ነው። ባቡር ዳገት ስለማይወድ ረጅም ርቀት ይፈልጋል፣ ዋጋውም ይንራል። በምትኩ ተከታታይ ማቋረጫዎችን በአንድ ጊዜ ያጠፋል። ሜልቦርን ከተማ በዳንዲኖንግ መስመር ሐዲዱን በአምድ ላይ ሰቅላ እ.ኤ.አ. በ2018 ዘጠኙን አስወግዳለች።

ድልድይ ቆመ ማለት ግን አደጋ አበቃ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 እንግሊዝ ውስጥ ግሬት ሄክ አጠገብ አንድ መኪና ከፈጣን መንገድ ወጥቶ፣ ድልድዩ ጋ ሳይደርስ ቁልቁል ወርዶ ሐዲድ ላይ ወደቀ። ባቡር መታው፣ 10 ሰው ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1977 ሲድኒ ግራንቪል ላይ ደግሞ ሐዲዱን የሳተ ባቡር የድልድይ ምሰሶ ገጭቶ ድልድዩ በላዩ ተናደ፤ 83 ሰው አለቀ። ስለዚህ ንድፉን ካሳዩአችሁ ሁለት ነገር ጠይቅ፦ የጎን መከላከያው ከድልድዩ በፊት ምን ያህል ሜትር ይጀምራል? ምሰሶው ከሐዲዱ ምን ያህል ይርቃል?

ጥያቄ፦ እናቴ በዕድሜ የገፉ ናቸው፣ ጤና ጣቢያ ለመሄድ ሐዲዱን በእግራቸው ይሻገራሉ። የመኪናው ድልድይ ካለቀ በኋላ አሮጌው ማቋረጫ ለእግረኛ ብቻ ክፍት ቢቀር ምን ችግር አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ መዘጋት አለበት። መኪናው ሲወገድ ባቡሩ ፍጥነት ሊጨምር ይችላል፤ ያን ጊዜ ሐዲድ ላይ የሚቀሩት እናትሽ ናቸው። ሆኖም መተላለፊያ ሳይሰጡ መዝጋትም ዋጋ የለውም፣ አጥሩ በሳምንቱ ይቀደዳል።

ለእግረኛ የሥር መተላለፊያ ጠይቁ። ሰው በ2.5 ሜትር ክፍተት ያልፋል፤ የጣሪያው ውፍረት ሲጨመር መውረድ ያለበት 3.5 ሜትር ገደማ ነው። ከኤሌክትሪክ ሽቦ በላይ ለመሻገር ግን እስከ 8 ሜትር መውጣት አለ። ለተሽከርካሪ ወንበር በሚመች፣ በ12 ሜትር አንድ ሜትር በሚወጣ ተዳፋት ስታሰይው 42 ሜትርና 96 ሜትር ይሆናል። እናትሽ የቱን እንደሚመርጡ መገመት አይከብድም። ሰው የሚሸሸው ጨለማና ጠመዝማዛ መተላለፊያ ስለሆነ ቀጥ ያለ፣ ሰፊ፣ ከአፉ ላይ ቆሞ ወዲያኛው ጫፍ የሚታይ ይሁን። መብራቱም ቀን ከሌት ይብራ። እናም ይህ መተላለፊያ ማቋረጫው በሚዘጋበት ዕለት እንዲከፈት በውሉ ውስጥ አስጽፉ፤ «በሁለተኛው ምዕራፍ ይሠራል» ካሏችሁ አትስማሙ።