መልስ፦ ኦተርሃውንድ ለባሕር ዳር ይሆናል ወይ?
ወንድሜ፣ ጣና ዳር ግቢ አለኝ፣ ኦተርሃውንድ የሚባለውን ውሻ ባሳድግ ይሆናል ወይ ብለሃል። ውሃውንስ ይወደዋል። እንግሊዞች ያራቡት ኦተር የሚባለውን ዓሣ በል እንስሳ ወንዝ ውስጥ ገብቶ እንዲያድን ነው። በጣቶቹ መሃል እንደ ዳክዬ ቆዳ አለው። እንግሊዝ አገር አደኑ በ1978 እ.ኤ.አ. ሲከለከል ሥራ ፈታ። ዛሬ በዓለም ላይ ከአንድ ሺህ በታች እንደሆነ ይገመታል። ስለዚህ «በርካሽ ላምጣልህ» የሚልህን ደላላ አትመን።

ፈተናው አፍንጫው ነው። ሽታ ከያዘ ብትጠራውም አይሰማህም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ጉማሬ አለ፤ ያለ ገመድ እንዳትለቀው። ወንዱ 50 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን አጥርህም ጠንከር ይበል። ድምፁ ወፍራም ነው፣ ጎረቤት ይማረራል።

ፀጉሩ ድርብና ቅባታም ስለሆነ የሚያዝያና የግንቦት ሙቀት ይከብደዋል። በማለዳ አንሸራሽረው። ጢሙን ውሃ ውስጥ ነክሮ መጥቶ ጭንህ ላይ ያሳርፈዋል፤ ነጭ ለብሰህ ከሆነ አለቀልህ። ከዋኘ በኋላ ግን ጆሮውን ገልጠህ በደንብ አድርቅለት። ረጅምና የተንጠለጠለ ስለሆነ እርጥበት ይይዛል፣ ቶሎም ያመረቅዛል። መሽተት ከጀመረ ሳትውል ሳታድር የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰደው።