ለቅሶ ሳልደርስ ሁለት ዓመት አለፈ፤ አሁን በምን ፊቴ ልሂድ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አብሮ አደግ ጓደኛዬ የነበራት አንድ ወንድ ልጅ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ በ2013 መጨረሻ ላይ፣ ወታደር ሆኖ ሄደ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። መርዶው የመጣው የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ከተፈረመ በኋላ ነው። እኔ ያኔ ኩዌት ሰው ቤት እሠራ ነበር። ልደውል እልና እፈራለሁ፤ ዛሬ ነገ ስል ሁለት ዓመት ሄደ። አሁን አገሬ ገብቻለሁ። ባለፈው ከሩቅ አየኋትና ሱቅ ውስጥ ገብቼ ተደበቅኩ። ልጁን በጀርባዬ አዝዬዋለሁ እኮ! ምን ብዬ ልግባ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሂጂ። እኛ ጋ ከውጭ የመጣ ሰው ለቅሶ ዘገየህ አይባልም፤ አምስት ዓመትም ቆይቶ ሄዶ ያለቅሳል፣ ቤቱም ያስገባዋል። የሚያስቀይመው መደበቁ ነው። የአክስቴ ልጅ በባድመው ጦርነት ነው የቀረው። አክስቴ ከድንኳኑ ይልቅ እስከ ዛሬ የምታነሳው ገበያ ላይ አይተዋት መንገድ የቀየሩ ጎረቤቶቿን ነው፣ በስም በስማቸው።

የወታደር እናት ሐዘን አንድ ከባድ ነገር አለው። አስከሬን የለም፣ መቃብር የለም፣ የሞተበት ቀን እንኳ አይታወቅም፤ በብዙ ቤት አርባውም ሙት ዓመቱም የሚቆጠረው መርዶው ከመጣበት ቀን ነው። ስለዚህ እናት ልቧ በር በሩን ያያል። አንቺ ደግሞ ልታጽናኛት ብለሽ «ተማርኮ የነበረ ሰው ተመለሰ ሲሉ ሰምቻለሁ» እንዳትያት፣ አደራ። የት ወደቀ፣ ማን አየው ብለሽም አትጠይቂ። «ለአገሩ ነው» የሚለውንም እሷ ካላነሳችው ተዪው። አንዳንዷን እናት ያጽናናታል፣ አንዳንዷን ደግሞ ያናድዳታል፣ ቀድመሽ ማወቅ አትችይም።

ይልቅ ስሙን ጥሪው። ብዙ ሰው አስታውሳታለሁ ብሎ ስለሚፈራ ስሙን አይጠራም፤ የረሳችው ይመስል! አንቺ ጋ ያለው ሌላ ሰው ጋ የለም። ሕፃን ሆኖ ጀርባሽ ላይ እንቅልፍ ሲወስደው ምራቁ ነጠላሽን ያረጥበው እንደሆነ፣ እንጀራ ሲበላ ጠርዙን ትቶ መሐሉን ይበላ እንደሆነ፣ እሱን ንገሪያት። ታለቅሳለች፤ ታልቅስ። አንቺም አልቅሺ እንጂ «በቃ በቃ» አትበያት።

ጠዋት ሂጂ፣ ሰው ሳይበዛ። ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ልበሺ፣ ቡናና ስኳር ያዢ። በር ላይ «ምነው ቆየሽ?» ካለችሽ ኩዌትን፣ ስልኩን፣ አሠሪዎችሽን አትደርድሪ። «ፈርቼ ነው» በያት።