ቁጥሩ ሲወርድ «የት ሄደ?» በሉ

ውድ ወጣት ባለሙያዎች፣

በአካባቢ ምህንድስና ወይም በጂኦሎጂ ተመርቃችሁ ሥራ ስትጀምሩ፣ ነዳጅ የፈሰሰበትን መሬት ስታጸዱ አንድ ቀን ጀሪካን የያዘ ሻጭ ይመጣባችኋል። «ይህን ባክቴሪያ መሬቱ ውስጥ ጨምሩት፣ ነዳጁን ሙልጭ አድርጎ ይበላዋል» ይላችኋል። አትቸኩሉ። ነዳጅ የሚበላው ባክቴሪያ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አፈር ውስጥ አለ። ሥራው የሚጓተተው በላተኛ ጠፍቶ ሳይሆን ኦክስጅን፣ ናይትሮጅን ወይም ፎስፈረስ አንሶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ኤክሶን ቫልዴዝ የተባለው መርከብ አላስካ ላይ ድፍድፍ ነዳጅ ባፈሰሰ ጊዜም፣ የባሕሩን ዳርቻ ባክቴሪያዎች ለማበርታት የተረጨው ማዳበሪያ ነበር።

ይህን ከመጽሐፍም ታገኙታላችሁ። እኔ ማለት የፈለግሁት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ወራት ያልፋሉ፣ ናሙና ትወስዳላችሁ፣ የብክለቱ ቁጥር ወርዶ ይመጣል። አለቃ ይደሰታል። ባለንብረቱ ፋይሉ ይዘጋልኝ ይላል። እናንተ ግን «የት ሄደ?» በሉ።

መጀመሪያ የራሳችሁን ጠርሙስ ጠርጥሩ። እኔ የጉድጓድ ውኃ ስቀዳ ነው ያረጀሁት። በኖ የሚጠፋ ኬሚካል የምትለኩ ከሆነ ትንሿን ጠርሙስ አፏ ድረስ ሞልታችሁ ክደኗት፣ ገልብጧት፣ በጣት መታ መታ አድርጓት። የአየር አረፋ ከታየ ድፉትና እንደገና ቅዱ። ኬሚካሉ አረፋው ውስጥ ገብቶ እናንተ «ጸዳ» ልትሉ ትችላላችሁ። ዝናብ አቅጥኖትም ይሆናል፤ ወይም ወደ ጎረቤት ጉድጓድ ሄዷል።

የሚያስፈራው ግን ወደ ሌላ ነገር ሲለወጥ ነው። ላውንደሪ ቤቶች ልብስ ያለ ውኃ የሚያጥቡበት ፐርክሎሮኢትሊን አራት ክሎሪን አለው። ኦክስጅን በሌለበት፣ ሞላሰስ ወይም የአኩሪ አተር ዘይት ስትሰጧቸው፣ ባክቴሪያዎች ክሎሪኑን አንድ በአንድ ይነቅሉታል። መጨረሻው ኢትሊን ነው፤ እሱ አያሳስብም። አንድ ደረጃ ቀደም ብሎ ያለው ግን ቪኒል ክሎራይድ ነው፤ ካንሰር አምጪነቱ የተረጋገጠ። ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች መንገድ ላይ ይቆማሉ። እስከ ኢትሊን በማድረስ የሚታወቁት ዲሃሎኮኮይድስ የሚባሉት ናቸው። እነሱ ከሌሉ የመጀመሪያው ኬሚካል ዜሮ ሆኖ ውኃው የባሰ መርዝ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ባክቴሪያውን ከውጭ ማምጣት ሊያስፈልግ ስለሚችል፣ እውነቱን ለመናገር፣ ባለጀሪካኑም ልክ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ሚኒሶታ፣ ቤሚጂ አጠገብ የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1979 የነዳጅ ቧንቧ ፈንድቶ 1.7 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ድፍድፍ ፈሰሰ። አብዛኛው ቢነሳም 400,000 ሊትር ያህል መሬት ውስጥ ቀረ። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ከ1983 ጀምሮ ቦታውን ያጠናል። ባክቴሪያዎቹ ማንም ሳይረዳቸው ነዳጁን መብላት ያዙ። ኦክስጅን ሲያልቅባቸው አሸዋው ላይ ወዳለው የብረት ዝገት ዞሩ። ግሩም ነው! ግን ዝገቱ ሲሟሟ በተፈጥሮ ተጣብቆበት የኖረው አርሴኒክ ተለቀቀ። በአንዳንድ ጉድጓዶች በሊትር እስከ 230 ማይክሮግራም ተለካ። ለመጠጥ ውኃ የሚፈቀደው 10 ነው። ነዳጁን ብቻ የሚለካ ሰው ይህን በጭራሽ አያይም ነበር።

ስለዚህ ውል ስትፈራረሙ የክትትሉን ዝርዝር ራሳችሁ ጻፉት። ክሎሪን ላለው ኬሚካል ቪኒል ክሎራይድና ኢትሊን፣ ለነዳጅ ደግሞ ሚቴን (ነዳጁ ኦክስጅን በሌለበት ሲበላ የሚወጣው ጋዝ)፣ የሟሟ ብረትና አርሴኒክ ይግቡበት። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚሰረዘው ይህ መስመር ነው። ከጉድጓድ ቁፋሮው ይቀነስ እንጂ እሱን አታስነኩ።