«እኛ ቤት ድረስ ማን ይመጣል?»፦ ስለ አረጋውያን ጤና የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የሰሞኑ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አባት፣ እናትና አያቶች ናቸው። የተወሰኑትን እንመልስ።

አያቴ 78 ዓመታቸው ነው። መንዝ ገጠር ይኖራሉ። ግፊት አለብዎት ተብለው መድኃኒት ጀምረው ነበር። ጤና ጣቢያው በእግር ግማሽ ቀን ያስኬዳል። መድኃኒቱ ካለቀ ሁለት ወር ሆኖታል፤ «ምንም አላመመኝም» ይላሉ። ምን ላድርግ?

ግፊት ብዙ ጊዜ ምንም ሕመም ሳያሰማ ነው ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን የሚጎዳው። ስለዚህ አላመመኝም ማለታቸው ደህና ናቸው ማለት አይደለም። በበቅሎም ይሁን በሰው ድጋፍ፣ አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ ወስደህ አስለካቸው። ግፊታቸው ሲስተካከል የአንድ ወር ብቻ ሳይሆን የሁለት ወይም የሦስት ወር መድኃኒት ባንዴ እንዲሰጧቸው ጠይቅ። ካርዳቸውን ይዞ የሚያመጣላቸው ጎረቤትም ይኑር። ወጡ ላይ ጨው ቀንሱ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው።

ጥያቄህ ግን ከአያትህም ያለፈ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶች ተመደቡ። አስረኛ ክፍል የጨረሱ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ ልጆች ነበሩ። ቤት ለቤት ዞረው ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔና የመጸዳጃ ቤት ነገር አስተማሩ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2012 ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ሞት በሁለት ሦስተኛ ስትቀንስ የእነዚህ ሴቶች እግር ትልቅ ድርሻ ነበረው። ነፍሰ ጡሯ ትመዘገባለች፣ ሕፃኑ ይመዘገባል። ጓዳ ውስጥ የተኙት አያትስ? ያው ጎጆ እኮ ነው፣ ያው ደጃፍ። የከተማ አዛውንት ታክሲ ይዞ ይታከማል፤ የገጠሩ ጉልበቱ ሲደክም ሕክምናውም ያበቃለታል። ይህን ልዩነት የሚያጠበው የቤት ለቤት ጉብኝቱ አረጋውያንንም ሲጨምር ነው። ቀበሌህ ስብሰባ ሲጠራ ይህን አንሳ። የጤና ኬላዋን ባለሙያም «አያቴን መዝግቢልኝ» በላት። የግፊት መለኪያ ካላት በየጊዜው ትለካቸዋለች፤ ከሌላትም መድኃኒት ማቋረጣቸውን ቶሎ ታውቃለች።

እናቴ የዓይኗ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ እየገባ ይወጋታል። በወረንጦ ትነቅለዋለች። ቀዶ ሕክምና ትፈራለች።

እህቴ፣ ይህ ትራኮማ የሚባለው ተላላፊ የዓይን በሽታ ጠባሳ ያመጣው ይመስላል። መንቀል ለጊዜው ነው፤ ፀጉሩ ይበቅላል፣ ብሌኗን እየፋቀ ያደበዝዛል፣ መጨረሻው መታወር ነው። ቀዶ ሕክምናው አጭር ነው። የዓይን ቆቧ ብቻ በመርፌ ይደነዝዛል፣ የዚያኑ ዕለት ወደ ቤቷ ትመለሳለች። በሠለጠነ ነርስ በጤና ጣቢያም ይሠራል፤ በዘመቻ ሲሆን በነፃ ነው። የጠፋ ብርሃን አይመልስም፤ የቀረውን ግን ያድናል። በሽታው ሴቶች ላይ የሚበዛው ከሕፃናት ጋር ስለሚውሉ ነው። ስለዚህ የልጆቹም ፊት ይታጠብ፤ የትራኮማ መድኃኒቱ የአዚትሮማይሲን እደላ ሲመጣ ቤተሰቡ በሙሉ ይውሰድ። ቀድማ የተሠራላት ጎረቤት ካለች እናትሽን ታነጋግራት። ከእኔ ቃል የእሷ ይበልጣል።

የዕድር ጸሐፊ ነኝ፣ አዲስ አበባ። የምናወጣው ለቀብር ብቻ ነው። ሰፈራችን ብቻቸውን የሚኖሩ ሦስት አዛውንት አሉ። በቁም መርዳት ደንባችን ይፈቅዳል?

ደንቡን የሚያወጡት አባላቱ ናቸውና በጠቅላላ ጉባኤ ማሻሻል ይችላሉ። አዲስ ነገርም አይደለም፤ በኤችአይቪ ክፉ ዘመን ብዙ የአዲስ አበባ ዕድሮች ታማሚ አስታመዋል፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን ደግፈዋል። ከገንዘብ በፊት ሰው መድቡ። በየተራ በሳምንት ሁለት ቀን በር የሚያንኳኳ፣ መድኃኒታቸውን መውሰዳቸውን የሚጠይቅ፣ ቡና አብሮ የሚጠጣ። ብቸኝነት ምግብ ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ወንበሩና ድንኳኑ ለለቅሶ እንደሚወጣው ሁሉ፣ ወንበሩ ፀሐይ ላይ ለሚቀመጡት አዛውንትም ይውጣ። መሥራት የማይችሉና ደጋፊ የሌላቸው ከሆኑ ደግሞ ስለ ከተማ ሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ (ሥራ ሳይጠየቅበት ስለሚሰጠው የገንዘብ እርዳታ) ወረዳችሁን ጠይቁላቸው። ፎርም ሞልቶ አብሯቸው የሚሄድ ወጣት ከተገኘ ግማሹ ሥራ አለቀ።

እናቴ ቤት ውስጥ ሁለት ጊዜ ወደቀች።

መብራቱን፣ የተጠቀለለውን ምንጣፍና የመጸዳጃ ቤቱን መንገድ እዩ፤ መያዣ እንጨት አድርጉላት። ዓይኗና ግፊቷም ይታይ። የምትወስደው መድኃኒት ከተቀመጠችበት ስትነሳ የሚያዞራት ከሆነ ለባለሙያው ንገሩ።

ጅዳ ነው የምሠራው። ደሴ አካባቢ ላለችው እናቴ መድኃኒት በመንገደኛ እልካለሁ። ጥሩ አደረግኩ?

ልብሽ ጥሩ ነው። ግን እሷን ያላያት ሐኪም ያዘዘው፣ መጠኑ የማይታወቅ መድኃኒት ያደናግራል፤ መንገደኛ ሲጠፋም ይቋረጣል። ይልቅ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮዋን ክፈዪላት። በ2003 ዓ.ም. በጥቂት ወረዳዎች ተሞክሮ ነው የተስፋፋው። ቤተሰብ በዓመት አንዴ ይከፍላል፣ መታከሚያ ሲያስፈልግ ካርድ ይዞ ይሄዳል። ብቻዋን የምትኖር ከሆነ በራሷ ስም ትመዝገብ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በሪፈር ሆስፒታል ነው፤ ሪፈር ሳይያዝ መሄድ ከኪስ ያስወጣል። መክፈል ለማይችሉት መንግሥት ይከፍላል፤ እነሱን የሚለየው ቀበሌው ነው። የሚረዳት ልጅ ውጭ አላት ተብላ ከዝርዝሩ ልትወጣ ስለምትችል አንቺ መክፈሉን አትተዪው። ብዙ ቦታ ምዝገባው ከመኸር በኋላ ስለሆነ፣ እዚያ ያለ ዘመድሽ አሁኑኑ ቀበሌ ሄዶ ቀኑን ይጠይቅ።